የተነቀሰ ድድ

ሐይቅ ከተማ የጥርስ ክፍል ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ኃላፊዬ ሲስተር አልማዝ የአፍ መስታወቱን ሰጡኝና ጉጠት ከማንሳቴ በፊት አፉን ሁሉ እንዳይ አዘዙኝ። ትእዛዛቸውን ብዙ ዓመት ጠበቅኩ፤ ከእኔ በኋላ ለመጡትም አስተማርኩ።

ለውጥ መጣ ተብሎ ስብሰባ በበዛበት ዓመት፣ ዘሀራ የምትባል የውጫሌ ነጋዴ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇን ሰዓዳን ይዛ መጣች። የልጅቱ ድድ አብጦ ጥርሶቿን ከግማሽ በላይ ሸፍኗል። ጠንካራ ነው፣ አይደማም። ላዩ ተነቅሷል። ለስብሰባ እየተጠራሁ ስለነበር ቸኮልኩ። የንቅሳቱ መርፌ ያመጣው ነው አልኩና ማን እንዳስነቀሳት ጠየቅኩ። እናቲቱ ሻሿን አፏ ላይ እንደያዘች፣ እኔ ነኝ አለች። ልጅሽን አበላሸሻት ብዬ በልጅቱ ፊት ተቆጣኋት። እናቲቱ አፏን መሸፈኗን ዓይን አፋርነት አድርጌ ወሰድኩት።

ወደ ደሴ ሪፈር ጻፍኩላቸው፤ አልሄዱም። ሰዓዳ እናቷን ማነጋገር እንደተወች፣ በዓመቱም ዓረብ አገር እንደሄደች ከገበያተኛ ሰማሁ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብዬ አለፍኩ።

ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ሸሸን። ስንመለስ የሕክምና ወንበሩ ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዷል። ስንነቅል ኖረን ተነቀልን ብለን ሳቅን፤ ሌላ ምን እናደርጋለን። ክፍሉ እስኪታደስ ደሴ ተመደብኩ። እዚያ እንደ ሰዓዳ ያለ ድድ ያላት አንዲት ልጅ ከአባቷ ጋር መጣች። ስፔሻሊስቱ ልጅቱን እንዳየ አባቷን አፍዎን ይክፈቱ አላቸው። የእሳቸውም እንደዚያው ነበር። በዘር የሚወረስ እንደሆነ፣ ትርፉ ተቆርጦ እንደሚነሳ አስረዳኝ። እኔ የማስበው ዘሀራን ነበር። አፈርኩ።

በሳምንቱ ውጫሌ ሱቋ ሄጄ ሻሿን እንድታነሳልኝ ለመንኳት። እሷም ተነቅሳለች፤ ከንቅሳቱ ሥር ያው ያበጠ ድድ ነው።

«የእናቴም እንዲህ ነበር» አለችኝ። «ሰዓዳንም የወተት ጥርሷ ሲነቃቀል ነው የጀመራት። ያስነቀስኋት እብጠቱን ደበቅ ያደርግላታል ብዬ ነው።»

ያን ቀን ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት።

«ማን ጠየቀኝ፣ ጋሼ? አንቱ ካሉ ብዬ አመንሁ። ወላሂ፣ እስከ ዛሬ ልጄን ያበላሸሁ እኔ ነኝ ብዬ ነው የኖርሁት።»

ለሰዓዳ በስልኳ የድምፅ መልእክት እንድልክላት ለመነችኝ። እብጠቱን ንቅሳቱ እንዳላመጣው፣ የተሳሳትኩትም እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሰዓዳ መልእክቱን ሰምታዋለች፤ መልስ ግን እስከ ዛሬ አልላከችም።

ልጅ ታሞ ሲመጣ የወላጁንም አፍ እዩ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ከመቼ ጀምሮ ነው የሚለው ነው። እኔ ማን አደረገው ብዬ ጠየቅኩ።