የአባባ ነጥቦች

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ የቤት ሥራዋን ጮክ ብላ ስታነብ «ገና» የሚለው ቃል ላይ ቆመች። በዓሉም ገና፣ ያልደረሰውም ገና፤ አጻጻፋቸው አንድ ነው።

«እማማ፣ የትኛው እንደሚጠብቅ በምን ይታወቃል?»

«ከሚያውቅ ሰው አፍ ሲሰማ ነዋ» አልኳት። እሷ ንባቧን ቀጠለች፤ የእኔ ልብ ግን መንዝ ሄዶ ቀረ።

አባቴ የንባብ መምህር ነበሩ። ዓይናቸው ሲጠፋ ተማሪዎቻቸው ተበትነው የቀረኋቸው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ግእዙም እንደ አማርኛው፣ ፊደሉ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። እሳቸው ግን ከመምህራቸው የተቀበሉትን ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል። ስለዚህ የደብራችንን መጽሐፍ በደብተር ገለበጥኩና ሥራ ጀመርን። እኔ አነባለሁ፤ እሳቸው በርኖሳቸውን ተከናንበው ይሰማሉ። ብሳሳት «አላልተሽ ገደልሽው! ጠበቅ!» ይሉኛል፤ እኔም ከፊደሉ ራስ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አደርጋለሁ። የገብስ ቆሎ በመሃላችን አለ፤ እያላመጥኩ ካነበብኩ ግን ወዮልኝ!

ገብሱ ታጭዶ ሳያልቅ ደብረ ብርሃን ሥራ ተገኘልኝ። የደብተሩ ግማሽ ገና ነበር።

«እስከ ጥምቀት ቆይልኝ፤ ከዚያ በኋላ አልይዝሽም» አሉኝ። አባባ ለምነውኝ አያውቁም ነበር።

«ሥራው ለሌላ ይሰጥብኛል፤ ለጥምቀት መጥቼ እንጨርሰዋለን።»

«እሺ፣ ልጄ።»

እውነቱን ልናገር፤ ከሥራው ይልቅ ያ ብርድ፣ ያ «ጠበቅ፣ ላላ» ሰልችቶኝ ነበር። ከሞላሌ መኪና ስሳፈር እያንጎራጎርኩ ነው።

ለጥምቀት ፈቃድ አላገኘሁም፤ ደጋግሜም አልጠየቅሁም። የመጣሁት ለፋሲካ ነው። አባባ ለካ በጾሙ አጋማሽ አርፈዋል፤ ያኔ ስልክ የለም፣ በሰው የተላከው መርዶም ሳይደርሰኝ ቀርቷል።

እናቴ ደብተሩን አመጣችልኝ። «ሲጠብቁሽ ቆዩ። ጥምቀት ሲያልፍ ‹እስክሪብቶውን ስጪኝ› አሉና ራሳቸው ያዙት» አለችኝ።

ገለጥኩት። እኔ ካቆምኩበት ጀምሮ ነጥቦቹ መስመር ለቀዋል። አንዱ ኅዳግ ላይ፣ ሌላው ቃሉ ላይ፣ ሦስት አራቱ በአንድ ቦታ ተደራርበው። በጣታቸው እየዳበሱ፣ በቃላቸው እያነበነቡ፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ሄደዋል። ደብተሩን ታቅፌ አለቀስኩ።

ያ ንባብ ከእሳቸው ጋር ተቀበረ፤ ያስቀበርኩት እኔ ነኝ። ይኸው አርጅቼም አልወጣልኝም። አንዳንድ ቀን በሬን ዘግቼ ያንን የእሳቸውን ግማሽ አነባለሁ። እንደምሳሳት አውቃለሁ፤ የቱ ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም። ከየቃሉ በኋላ ጥቂት ቆም እላለሁ። የሚቆጣኝ የለም።