የሁለተኛው ማፕ ገበያ

ልጄ በኮምፒውተር ጌም ደመወዝ የሚከፈላት ተጫዋች ናት። ይህን ለሰው ስናገር አሁንም ትንሽ ያሳፍረኛል። ከአራት ጓደኞቿ ጋር በቡድን ነው የምትጫወተው። ግጥሚያው በዙር የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ዙር የሚካሄድበትን የጦር ሜዳ "ማፕ" ይሉታል። ከሦስቱ ሁለት ማፕ ያሸነፈ ግጥሚያውን ወሰደ ማለት ነው። የገባኝ እስከዚህ ነው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ቤታችን ምሳ እንበላለን። የባለቤቴ ታላቅ ወንድምም አብረውን ነበሩ። ልጄ በግራ እጇ ስትቆርስ እናቷ ተቆጣቻት።

"የቀኝ እጄን አንጓ አሞኛል፣ ማሚ። በቀጣዩ ግጥሚያ ሁለተኛው ማፕ ላይ ተቀያሪ ትገባልኛለች። ግን ሲክሬት ነው፣ እንዳታወሩት።"

"እግዜር ይማርሽ" አሏት አጎቷ።

የግጥሚያው ቀን እሳቸው ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ምግብ ቤት ሆነን አብረን እንድናይ ጠሩኝ። ደስ አለኝ፤ ከዘመድ የልጄን ጨዋታ ልይ ያለ ማንም አልነበረም። ስልካቸውን የውሃ ጠርሙስ ላይ አስደግፈው ማየት ጀመርን። የመጀመሪያውን ማፕ እነልጄ አሸነፉ። ደስታዬን ሳልጨርስ "ቆይ፣ የሚቀጥለውን ይሸነፋሉ" አሉኝ። እውነትም ተሸነፉ። አጎቷ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረጉ ሳቁ።

"ምኑ ነው የሚያስቀው?" አልኳቸው።

ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት። "ይህ ቡድን ሁለተኛውን ማፕ ያሸንፋል?" የሚል ጥያቄ፣ ከሥሩ "አዎ" እና "አይ" ይላል። ሰው መልሱን እንደ አክሲዮን ይገዛል፤ ገዢ ሲበዛ ዋጋው ይወጣል፣ ሲያንስ ይወርዳል፤ ግምቱ የደረሰለት ያተርፋል። እሳቸው "አይ"ን ገዝተዋል።

"ቁማር እንዳይመስልህ፣ ፕሪዲክሽን ነው፣ ትንበያ። ለጓደኞቼም ነግሬ ጠቅሜያቸዋለሁ።"

"እንደሚሸነፉ በምን አወቁ?"

"በሁለተኛው እንደማትጫወት እሷው አልነገረችንም እንዴ?"

በወጉ እንኳ ሳልሰናበታቸው ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። እዚያው ሳለሁ ልጄ ደወለች። ሦስተኛውንም ተሸንፈዋል፤ የደወለችው ግን ለእሱ አልነበረም።

"ዳዲ፣ ገና ሳንጀምር የ'አይ' ዋጋ ሽቅብ ወጣ። የቡድናችን ኃላፊዎች ምስጢሩ መውጣቱ ገብቷቸው ለማን እንደተናገርኩ ጠየቁኝ፤ ለማንም አልኳቸው። የቤት ሰው መች ይቆጠራል ብዬ።"

ያየሁትን ነገርኳት። በማግስቱ ራሷ ሄዳ ለቡድኑ እውነቱን ተናገረች፤ ጉዳዩ እስኪጣራም ከጨዋታ አገዷት።

ብዙም ሳይቆይ አጎቷ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ለእርቅ መጡ። አንደኛው አዛውንት ነገሩ አልገባቸውም።

"ሰረቀ?"

"አልሰረቁም" አልኩ።

"ዋሸ?"

"አልዋሹም።"

"ታዲያ ጥፋቱ ምንድን ነው?"

ልጄ አብዛኛውን ጊዜ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ያን ቀን ግን አንድም ቃል ሳትቀላቅል "የቤታችንን ገመና ገበያ አወጡት" አለች።

አዛውንቱ ወደ አጎቷ ዞረው "እውነት ነው?" አሉ። አጎቷ ከወንበራቸው ተነሥተው የእህታቸውን ልጅ ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ትልቅ ሰው ለልጅ እንዲህ ሲጎነበስ አይቼ አላውቅም፤ እናቷም አፏን በእጇ ያዘች። ልጄ ደንግጣ ብድግ አለችና ትከሻቸውን ይዛ ቀና አደረገቻቸው።

ቡድኑ ኋላ መለሳት፤ እጇም ድኗል። አሁን ስለ ጨዋታዋ ስጠይቃት ግን መጀመሪያ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ዞር ብላ ታያለች።