መርዶ በሰው አፍ

የወንድሜን ሞት የነገረኝ ስልክ ነው። ከገበያ የገዛሁትን ጎመንና ሽንኩርት እግሬ ሥር አድርጌ፣ አሽቀሎን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ተቀምጬ አውቶቡስ ስጠብቅ ቦርሳዬ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ብተወውም አይተወኝም። የቤተሰባችን የመልእክት ቡድን እንዲህ የሚበጠበጠው ሰርግ ሲኖር ስለነበር፣ ማን ልጁን ዳረ ብዬ ከፈትኩት። የወንድሜ ፎቶ ነበር። ከፎቶው ሥር የተሣለ ሻማ አለ። ከሻማው ሥር የተጋጠሙ መዳፎች፣ ከዚያ በታች ቢጫ ፊቶች በተርታ ያለቅሳሉ። ጽሑፉን ማንበብ አላስፈለገኝም።

ጮኼ ስነሳ ሽንኩርቱ መሬት ላይ ተበተነ። አጠገቤ ጆሮዋ ላይ ዘፈን የሰካች ወጣት ነበረች፤ ደንግጣ ሽንኩርቱን ለቀመችልኝ። የማታውቀኝ ልጅ ከዚህ ሌላ ምን ታድርግ?

እኛ አገር፣ ጎንደር፣ መርዶ እንዲህ አይነገርም። አስቀድሞ ሽማግሎች ይመክራሉ። ሰው ወደ ሥራው ሳይወጣ በማለዳ ይመጣሉ። መርዶ የሚነገራት ሴት ልጅ አዝላ እንደሆነ ልጁን ከጀርባዋ ያወርዱላታል። በእጇ የያዘችውን ይቀበሏታል። ስትወድቅ የሚይዟት ሁለት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ነው አንዱ አፍ አውጥቶ የሚናገረው። ሱዳን መጠለያ ውስጥ፣ በየቀኑ ሰው በምንቀብርበት ጊዜ እንኳ፣ የእናቴን ሞት ያረዱኝ ሴቶች ራሳቸው በረሃብ መቆም ያቃታቸው ነበሩ። ግን መጡ። ከጎኔ ተቀመጡ። ይዘውኝ ነገሩኝ። ዛሬ የጠገበው ሰው፣ መኪና ያለው ሰው፣ በአውራ ጣቱ ነገረኝ።

ከለቅሶው በኋላ ስልኩ ባሰበት። ከልጄ ጋር ስለ ወንድሜ የመቃብር ድንጋይ አወራን፤ በማግሥቱ ፊልም የማይበት ቦታ ላይ አንድ ሰውዬ እብነ በረድ እያንኳኳ የመቃብር ድንጋይ ሊሸጥልኝ ወጣ። ሌላ ቀን ደግሞ ያ ፎቶ የሚያስቀምጥልኝ ነገር የወንድሜን ፎቶዎች ከሙዚቃ ጋር አቀናብሮ፣ ትዝታሽ ነው ብሎ አመጣልኝ። ማን አምጣ አለው? ለኔ ትዝታ የሚመርጥልኝ እሱ ማን ሆኖ ነው? ንዴቴን ልረሳ ብዬ ደግሞ ሰው ሲሰዳደብና ድመት ሲዘል እያየሁ እቆያለሁ፤ ዓይኔ ይቃጠላል፣ እንቅልፌ ይጠፋል፣ ጠዋት ስነሳ የተደበደብኩ ያህል ይደክመኛል።

ልጄ ከነልጁ ለሰንበት የመጣ ጊዜ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ ልወጣ ነው አልኩት።

«ከምኑ?»

«ከሁሉም። ከቡድኑም፣ ከፎቶውም፣ ከፊልሙም።»

«እማዬ፣ ሮኬት ሲመጣስ? ማስጠንቀቂያው በስልክ ነው እኮ የሚደርስሽ።»

«የአሽቀሎንን ሳይረን ለኔ ልታስተምረኝ ነው? እሱ የሞተ ይቀሰቅሳል።»

«እሺ፣ ቤተሰቡስ? ሁሉ ነገር ያለው እዚያ ነው።»

«ቤተሰቡ እግር የለውም?»

ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ታላቅ እህቴ በዚያን ጊዜ ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ እንደማትድንም ሁላችንም እናውቅ ነበር። የፈራሁትን በግልጽ ነገርኩት።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። እሷ የሄደች ቀን በሰው አፍ ይነገረኝ።»

ልጄ ሳቁን ተወ። «እማዬ፣ ይሄ ጎንደር አይደለም። እዚህ ሰው ሌሊት ሞቶ ቀትር ላይ ይቀበራል። ሽማግሌ እስኪመክር አክስቴ አፈር ይለብሳሉ። ከቡድኑ ከወጣሽ ቀብሩ ያመልጥሻል። ኋላ እኔን እንዳትወቅሺ።»

የተናገረው እውነት ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው። እንደ ወንድሜ ሞቷን ስልክ ላይ ከማየት፣ ወይም ሳልቀብራት ከመቅረት፣ አንዱን ምረጪ ማለቱ ነው። ይሄ ምን ዓይነት ምርጫ ነው?

ወታደሯ የልጅ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ የራሷን ስልክ ትነካካ ነበር። ቀና እንኳ ሳትል፣ «ሳቭታ፣ አኒ አጊድ ላኽ» አለች። አያቴ፣ እኔ እነግርሻለሁ ማለቷ ነው።

አባቷ፣ «አንቺ? ስልክሽን ሳታዪ ቁርስ የማትበዪ፣ አንቺ ነሽ መርዶ የምትነግሪ?» አላት።

በማግሥቱ ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ሄጄ ከአንድ ስልክ ሻጭ፣ ኢንተርኔት የሌለው ስልክ ስጠኝ አልኩት። «ካሼር»፣ በሕጉ የተፈቀደ፣ የሚሉትን፣ አጥባቂ ሃይማኖተኞች የሚይዙትን ባለ ቁልፍ ስልክ አወጣልኝ።

«ሳቭታ፣ ጸድቀሽ ነው ወይስ ልጆችሽ አናደዱሽ?»

«ልጆቼ አናደዱኝ። ጽድቁም ግን አይከፋም።»

የራቢዎች ማኅተም አለበት፤ ካሼር ነው፤ እንግዲህ ምን ክፋት ይኖረዋል ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ሰፈሬ፣ ወደ ግቫት ጺዮን፣ ተመለስኩ። የታች ጎረቤቴ አይታ፣ «እትዬ፣ መነኮሱ እንዴ?» አለችኝ። የተጻፈ መልእክት እንደማይቀበል የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያንን የሰማሁት ሕክምና ክሊኒክ ሄጄ የደም ምርመራ ቀጠሮ ስጠይቅ ነው። መስኮቱ ላይ የነበረችው የእኛው ልጅ ናት፣ እዚህ የተወለደች።

«እማማ፣ የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ስልክሽ ልኬልሻለሁ። እሱን ንገሪኝና እንቀጥል።»

«ስልኬ ጽሑፍ አይቀበልም።»

«ካሼር ነው?»

«ካሼር ነው።»

«ኦይ፣ እማማ! ያለ ቁጥሩ አንቺ መሆንሽን በምን ላውቅ?»

«መታወቂያዬ እጅሽ ላይ ነው። ፊቴ ፊትሽ ነው። እናትሽንም አውቃታለሁ።»

«እኔማ አውቄሻለሁ። ኮምፒውተሩ ነው ያላወቀሽ።»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪው።»

አለቃዋ እስኪመጣ ከመስኮቱ አልነቃነቅም አልኩ። አለቃዋ መጣ፤ ለዛሬ ብቻ ብሎ በእጁ መዘገበኝ። ከኋላዬ የቆሙት ሽማግሌም እንደኔው ጽሑፍ የሚቀበል ስልክ አልነበራቸውም።

«ለእሳቸውስ?» አልኩት።

«እሳቸው የልጃቸውን ስልክ ይዘው ይምጡ።»

«ልጅ የሌለው ሰው አይታመምም?»

ሽማግሌው አፍረው፣ ተይው የኔ እመቤት ይሉኛል። እኔ አልተውኩም። ሁለታችንንም እስኪመዘግብ ድረስ ቆምኩ። ሰልፉ ያጉረመርም ነበር። ያጉረምርም። ወደ ቤት ስመለስ ግን ነገሩ ገባኝ። ከአንድ ስልክ የወጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከተማው በሙሉ እዚያ ውስጥ ገብቷል። የሕንፃው ስብሰባ እዚያ ነው፣ የውሃ መቋረጥ እዚያ ነው፣ የሰንበት ድግስ እዚያ ነው። ያልገባ ሰው ከኖረበት ሰፈር ውጭ እንደቆመ ይቆጠራል።

እህቴን በየቀኑ እየሄድኩ አያት ነበር። ስወጣ ለልጆቿ እደግምላቸዋለሁ፤ ደውሉልኝ ወይም ኑ፣ በድምፃችሁ ንገሩኝ። እሺ እትዬ ይላሉ፤ እሺ ሲሉ ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ነው።

አንድ ጠዋት ምስር እየለቀምኩ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የልጅ ልጄ ቆማለች፣ በወታደር ልብሷ፣ ጠመንጃዋን በጀርባዋ እንዳንጠለጠለች። ከጎኗ የታች ጎረቤቴና ሌላ የሕንፃው እናት ነጠላቸውን ለብሰው ቆመዋል። ጎረቤቴ የምስሩን ሰፌድ ከእጄ ተቀበለችኝ። ያኔ አወቅሁ። ሶፋው ላይ አስቀመጡኝ፣ ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ያዙኝ፣ ልጅቷ እግሬ ሥር ተንበረከከች። ያቺ ሁልጊዜ በዕብራይስጥ የምትመልስልኝ ልጅ፣ በአማርኛ፣ እየተንተባተበች፣ «እማማ፣ ታላቅ እህትሽ አረፉ» አለችኝ።

ጮኼ አለቀስኩ። ለወንድሜ ያላለቀስኩትን ጭምር አለቀስኩ።

ኋላ እንደሰማሁት፣ የእህቴ ልጆች ገና ጎህ ሳይቀድ ቡድኑ ላይ ለጥፈውታል። ልጅቷ ጦር ሰፈር ሆና አየችው። ስልክ አልደወለችልኝም። ፈቃድ ለምና፣ በመጀመሪያው ባቡር አሽቀሎን ጣቢያ ወርዳ፣ ሁለቱን ሴቶች ከየቤታቸው ቀስቅሳ መጣች። ባቡር ላይ ሆና ለአባቷ ደውላ፣ ሳቭታ ሳትደርስ እንዳይጀምሩ ብላዋለች። ያ የሳቀባት አባቷ ቀባሪዎቹን ለምኖ አቆማቸው። አፈር ሳትለብስ ደረስኩ። ከሆስፒታሉ እስከ ቤቴ ቅርብ ነው፤ የመጣችልኝ ግን ከሁሉም ርቃ የነበረችው ናት።

ሰባቱን ቀን በእህቴ ቤት ፍራሽ ላይ ተቀመጥን። ልጄ አንድ ጊዜ ጆሮዬ ላይ፣ «አየሽ እማዬ፣ ተነገረሽ፣ ደረስሽም» አለኝ። አዎ፣ ተነገረኝ። አንዲት ልጅ ስለሮጠች ተነገረኝ።

በመጨረሻው ቀን ወንበር ሊሰበሰብ ሲል አንዲት አሮጊት ደጁ ላይ ቆመች። የእህቴ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ ከአንድ መንደር ተነሥተው ሱዳንን አብረው በእግር ያቋረጡ። እዚሁ አሽቀሎን፣ ወዲያኛው ሰፈር፣ ብቻዋን ትኖራለች። ቡድኑ የሚታይበት ዓይነት ስልክ የላትም። በእጇ ፌስታል፣ በፌስታሉ ውስጥ የተከደነ ሳህን ይዛለች።

«ከሆስፒታል ወጥታ እንደሆነ ብዬ ነው» አለች ፈገግ ብላ። «ሾርባ አምጥቼላት ነበር። እንዴት አድራለች?»

ወደ እህቴ ልጅ ዞርኩ።

«አልነገራችኋትም?»

«ቡድኑ ላይ ለጥፈናል እኮ እትዬ» አለች ድምፅዋን ቀንሳ። «ሁሉም አይቶታል።»

«ሁሉም ማን ነው?»

ሐዘንተኛ ለእንግዳ አይነሳም፤ እኔ ተነሣሁ። ፌስታሉን ከእጇ ተቀበልኩ። ፍራሹ ላይ አስቀመጥኳትና በግራ በኩል ያዝኳት። ማንም ሳይነግራት የልጅ ልጄ በቀኝ በኩል መጥታ ተቀመጠች። አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ወደኛ አነሳ፤ አስቀምጥ አልኩት፣ አስቀመጠ። ከዚያ ነገርኳት። በቀስታ፣ በስሟ ጠርቼ ነገርኳት።

ትንፋሽዋ ሲመለስ ዓይኔን እያየች፣ «መቼ ነው?» አለችኝ።

ምን ብዬ ልመልስላት? ሌላው ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሷል። ከኋላችን ወንዶቹ የፕላስቲክ ወንበሩን እየደራረቡ ነበር።

«ወንበሩን ተዉት» አልኩ። «ለሷ የሞተችው ዛሬ ነው። ተቀመጡ።»

አንዳንዱ ሰዓቱን አየ። ልጄ የደረደረውን ወንበር አንድ በአንድ ወደ ቦታው ይመልስ ጀመር፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሴቶቹ ለቅሶውን ከመጀመሪያው አነሡት። ወንበሩን ያከራየን ሰውዬ መኪናውን ደጅ አቁሞ ጡሩምባ ይነፋ ነበር። ይንፋ።