በሹክሹክታ የተቆጠረ ፊደል

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በዓመቱ ወታደሮቹ የሰፈራችንን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያዙት። የኔታ እዚያ ዛፍ ሥር የሚያስተምሩት ፊደልም ያኔ ተቋረጠ። ወላጅ ያላቸው ልጆች ወደየቤታቸው ሥራ ተመለሱ። ቀያቸው ተቃጥሎ ከቁይ በኩል የመጡት ግን የሚመለሱበት አልነበራቸውም። የማኅበራችን ሴቶች ተነጋግረን ልጆቹን በየቤታችን ተከፋፈልን፤ የየኔታንም ቀለብ በየተራ ለማውጣት ተስማማን። ትምህርቱ የት ይሁን ሲባል ግን ቤቱን የሚሰጥ ጠፋ።

ባሌ አርበኛ ሆኖ ዱር ከገባ ወዲህ የእህል ቤቴ ባዶ ነበረ። እዚያ ይሁን አልኩ። ልጆቹ እንዳይጮሁ ግን አስጠነቀቅሁ። ወታደር ድምፅ ሰምቶ ቢመጣ ስለ ባሌ መጠየቁ አይቀርም። የእኔም ሴት ልጅ አብራቸው ነው የምትቀመጠው።

«ፊደል በሹክሹክታ?» አሉ የኔታ። «እንግዲህ ቅዳሴውንም በሹክሹክታ ቀድሱ በይና።»

«እርስዎ መንገድ ዳር ያለውን ዘብ ያስነሡልኝና ይጩሁ» አልኳቸው።

ሳቁና ተቀበሉኝ።

ነገሩ ግን አልሠራም። ልጅ ፊደል የሚይዘው ከጓደኞቹ ጋር እየጮኸ ነው፤ የአንዱን ስሕተት የሌላው ድምፅ ያቃናዋል። የኔታም ዓይናቸው ስለደከመ የሚያርሙት በጆሯቸው ነበር። አሁን እያንዳንዱ ወደ ጉልበቱ አቀርቅሮ ያጉረመርማል፤ የኔታ አንገታቸውን አስግገው ምንም አይሰሙም። ከቁይ ከመጡት ውስጥ ከእኔ ዘንድ የምታድረው ልጅ ግማሹን ፊደል ይዛ ነበር የመጣችው። በጥቂት ሳምንት የያዘችውም መደባለቅ ጀመረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባንዳ መጣብን። የአገራችን ሰው ነው፤ ለጣሊያን አድሮ ጠመንጃ ተሰጥቶታል። በሩን ገፍቶ ገባ።

«እታለም፣ ደብተራ አስገብተሽ አስማት ታስደግሚያለሽ አሉ። የጣሊያንን ጥይት ውሃ ልታደርጊ ነው?»

ያወራችው ጎረቤቴ ነበረች። በግድግዳው በኩል የሚያልፈውን ጉርምርምታ ስትሰማ ከርማ ሌላ ምን ልትል ትችላለች።

«አስማት ባውቅማ» አሉ የኔታ፣ «መጀመሪያ ይህን ጋቢ አዲስ አላደርገውም ነበር?»

ባንዳው አልሳቀም። ከእኔ ዘንድ ወደምታድረው ልጅ ዞረ።

«አንቺ፣ ምን ነበር የምታንሾካሹኪው? እስቲ አውጪው።»

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። የእኔም ልጅ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ሁሉም።

«እሷን ምን ታያላችሁ? እሷ ናት የምታስደግማችሁ?» አለ ባንዳው።

የኔታን ይዟቸው ከሄደ ልጆቹን የሚያስተምር ሌላ ሰው አልነበረንም። እኔን ከወሰደኝ ደግሞ ልጄን ማን እንደሚይዛት አላውቅም።

«ጩኺ፣ ልጄ» አልኳት የተጠየቀችውን ልጅ።

ጉሮሮዋን ጠርጋ ሀ አለች። ሁ ላይ ሌሎቹ ያዙላት። ለ ሲደርሱ ቤቱ በጩኸት ተሞላ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ማረም ጀመሩ፤ «ሊ በል እንጂ አንተ፣ ምላስህን ማን ያዘው?» ባንዳው ጠመንጃውን ተደግፎ ትንሽ አዳመጠ።

«ይኸው ነው?» አለ። «ድሮስ እንዲህ ብትጮሁ ማን ይመጣባችሁ ነበር? ፊደል የሚጮህ ልጅ የሌለበት መንደር የት አለ?»

ወጣ። ስለ ባሌ አልጠየቀኝም፤ ለምን እንደተወኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከማግስቱ ጀምሮ ትምህርቱ ግቢው ውስጥ ሆነ። ጎረቤቴም ሁለት ልጆቿን ከአንድ ቁና ባቄላ ጋር ይዛ መጣች።

«የኔታ፣ አስማቱን ይተዉና ፊደሉን ብቻ ያስቆጥሩልኝ» አለች።

«አስማቱን ላንቺ አስቀምጬልሻለሁ» አሏት።

ከእኔ ዘንድ የምታድረው ልጅ ክረምቱ ሳይገባ ፊደሉን ዘለቀችው፤ ትንንሾቹንም ማስቆጠር ያዘች። እኔ እንዝርቴን ይዤ አጥሩ ሥር ተቀምጬ መንገዱን እጠብቃለሁ። ድምፃቸው ጋብ ሲል ጩኹ ልላቸው ብድግ እላለሁ።