ድንኳን ያልተጣለለት ግብር ከፋይ

የገቢዎች ቢሮ የጠየቀኝን ወረቀት ሁሉ አገኘሁ፤ አንድ ብቻ ቀረ። የልጄን ንግድ ፈቃድ አገኘሁ። የግብር መለያ ቁጥሩን የሰጡበትን ወረቀት አገኘሁ። ከመሄዱ በፊት የገበረበትን ደረሰኝና ጉርድ ፎቶውንም አገኘሁ። የቀረው ልጄ መሞቱን የሚያስረዳ ወረቀት ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጎረምሳ ሆኜ ከከምባታ በኩል ለቡና ለቀማ መጣሁና እዚሁ ጅማ አጠገብ ሰርቦ ቀረሁ። ሚስቴንም ከዚያው ከአገሬ አምጥቼ እዚሁ ወለድን፤ ከወለድናቸው ያደገልን አንድ ወንድ ልጅ ነው። እሱም ከመንገዱ ዳር ባለችው ቤታችን፣ ከፊት ለፊቷ ክፍል፣ ጆንያና ገመድ፣ የቡና ማስጫ ሸራም ይሸጥ ነበር። ቡና ሲደርስ ገበሬው ከየቀበሌው ይመጣበታል። ቡናው ካለቀ ግን ዝንብ ሲያባርር ነው የሚውለው። ልቡ የሸፈተው ያኔ ይመስለኛል። የአገራችን ልጆች ደቡብ አፍሪካ እየገቡ ለእናቶቻቸው ቤት ሲሠሩ ያያል፤ «አባ፣ እዚህ ገመድ ስቆርጥ ላርጅልህ ወይ?» ይለኛል። ለደላላ ከፈለና በሞያሌ በኩል ወጣ።

መጀመሪያ ከኬንያ ደወለ። ቀጥሎ ከታንዛኒያ ደወለ። ኋላ ደግሞ ስሙን ከማያውቀው ጫካ በሰው ስልክ ደወለና ትንሽ እንዳመመው ለእናቱ ነገራት። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ።

ዓመት ካለፈ በኋላ አብሮት የሄደ ልጅ እዚያው ካሰቡበት ደረሰና ለቤተሰቡ ደወለ። እኔም ሄጄ ጠይቁልኝ አልኩ። በጭነት መኪና ሆድ ውስጥ ታጭቀው ሲሄዱ ልጄ ትኩሳት እንደነበረው ነገራቸው። ሲያወርዷቸው ጨለማ ስለነበረ ሁሉም ወደየጫካው ሮጠ፤ የእኔን ልጅ ግን ሲወርድ አላየሁትም አለ። እኔ ያን ቀን ልጄ መሞቱን አወቅሁ። እናቱ ግን «አላየሁትም አለ እንጂ ሞተ አላለም» አለችና ነገሩን ዘጋችው። እኔም ደግሜ አላነሳሁባትም።

ሱቋን እሱ በሄደ ሰሞን ቆልፈናት ነበር። ሰው ሱቁን ከዘጋ ነገሩ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ለካ ፈቃዱ ካልተመለሰ በር ቢቆለፍም በመንግሥት ዘንድ ሱቁ ክፍት ነው። ግብሩ ይቆጠራል፤ መቀጫው በላዩ ይጨመራል። ይህን ያወቅሁት ከቀበሌ ደብዳቤ ሲመጣልኝ ነው። ያለውን ማስረጃ ይዞ ይቅረብ ይላል፤ ከላዩ ያለው ስም የልጄ ነው።

ወረቀቶቹ ያሉት በልጄ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ በእናቱ እጅ። ምንድን ነው የፈለግኸው አለችኝ። ለግብር የሚሆን ነው አልኳት። ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠችና አንድ በአንድ እያወጣች ሰጠችኝ። ፊደል ባትለይም ማኅተም ያለበትን ታውቃለች። ጉርድ ፎቶው ላይ ስትደርስ እጇ ዘገየ። «ሊያድሱለት ነው?» አለችኝ። እንጃ፣ እነሱ ያውቃሉ ብዬ ወጣሁ። ሊሰርዙት ነው ማለት አቃተኝ።

ገቢዎች ቢሮ ያገኘኋት ልጅ ከሌላ አገር መጥታ ጅማ ተምራ እዚሁ የተመደበች ናት። ከወንበሯ ተነስታ ነው ያስቀመጠችኝ። ፈቃድ ለመመለስ ባለቤቱ ራሱ መቅረብ አለበት፤ ካልሆነ ካለበት አገር ውክልና ይላክ፤ ሁለቱም ካልሆነ የሞት ምስክር ወረቀት ይምጣ አለችኝ። የት ነው ያለው ስትለኝ ሁሉን ነገርኳት፤ የመኪናውንም የጫካውንም። መጻፏን ተወችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦

«አባባ፣ ሞቷል ከተባለ ፈቃዱ ይሰረዝና ከእንግዲህ ግብር አይቆጠርበትም። ሱቁንም በእርስዎ ስም ማውጣት ይችላሉ። እኔ ግን ከራሴ ሞቷል ብዬ ልጽፍ አልችልም።»

በፍርድ ቤት የልጄን መጥፋት የሚያስወስኑበት መንገድ እንዳለም ነገረችኝ። ግን ብዙ ያመላልሳል፤ መጨረሻውም ያው እንደ ሞተ መቁጠር ነው አለች። እግሬ ለምልልስ የሚሆን አይደለም። ቀበሌ፣ ልደትና ሞት ወደሚመዘግበው ሰውዬ ሄድኩ። ሐኪም ቤት ነው የሞተው? አይደለም። የት ተቀበረ? አይታወቅም። እንግዲያው ለቅሶ ከተቀመጣችሁ እድራችሁ ይጻፍልህና አምጣ አለኝ።

የእድራችን ዳኛ የቆየ ወዳጄ ነው። እስላም ነው፣ የዚሁ አገር ኦሮሞ፤ እኔ ለቃሚ እሱ ሚዛን ያዥ ሆነን ከአንድ ማሳ የዋልን ሰዎች ነን። ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ነው የምናወራው። ገና ሲያየኝ ጀመረኝ።

«አንተ የከምባታ ሰው፣ ምን እግር ጣለህ? እድር ሰው ሲሞት እንጂ አትመጣም።»

እኔም ለዚያው ነው የመጣሁት አልኩት። ሳቁ ጠፋ። ነገሩን ስጨርስለት «ኢና ሊላ...» ብሎ ጀመረና አፉን ያዘ። ያ ቃል ለሞተ ሰው የሚባል ነው። ጨርሶ ሊለውም አልፈለገም፣ መልሶ ሊውጠውም አልቻለም።

«ወላሂ፣ ልጻፍልህ ብል እጄ አይከብደኝም» አለኝ በኋላ። «ግን ድንኳን ያልጣልንለትን፣ ያላለቀስንለትን ሰው እድር ሞቷል ብሎ እንዴት ይጽፋል? እናቱ ነገ መንገድ ላይ ብታገኘኝ ምን እላታለሁ?»

እሱ የታየው መርዶው ይቅደም ነው። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሦስት ሽማግሌ ሆነው ይመጣሉ፤ ለእናቲቱ ይነግሯታል፤ ድንኳን ይጣላል፣ ሰዉ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወረቀቱ በሐቅ ይጻፋል። እኔ እሺም እንቢም አላልኩም። ዝም ማለትህን እንደ እሺታ ቆጥሬዋለሁ አለኝ።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ያሉት ቀናት ከባድ ነበሩ። ሚስቴ ጎመን ስትቀነጥስ፣ ውሃ ስትቀዳ አያታለሁ፤ ምን እንደሚመጣባት እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም።

ቅዳሜ ማለዳ ዝናብ ነበር። ለጸሎት ቀድማኝ ተነስታለች። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከአጥሩ ሥር ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ሦስት ሽማግሌ ከሰው ደጅ የሚቆመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። በሩን ከፍታ እነሱን አየች። ዞራ እኔን አየች። እኔ ጫማዬን አድርጌ፣ ኮቴን ለብሼ ተቀምጫለሁ። ሁሉም የገባት ያኔ ነው። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ግቡ እንጂ፣ ዝናብ ይመታችኋል» አለች።

ገብተው ተቀመጡ። ዳኛው ጉሮሮውን ሲጠርግ እሷ ወደ ጓዳ ገባች። ቆጮና ጎመን በሰሃን ይዛ ወጣች፤ የእጅ ውሃም አመጣች። በእኛ ዘንድ መርዶ ይዞ የመጣ ሰው እህል አይቀምስም። ከቀመሰ መርዶ የለም ማለት ነው። ይህን እነሱም ያውቃሉ።

«እህቴ፣ ለመብል አልመጣንም» አላት ዳኛው።

«ዓይኑ ያየ ካለ ይናገር» አለች፤ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ነው። «እሰማዋለሁ። ያየ ከሌለ ግን እጃችሁን ታጠቡ።»

ማንም አልተናገረም። አንደኛው ሽማግሌ እኔን ያየኛል፤ ምን ላድርግ፣ እኔም አላየሁም። ክንዷ ሲዝል አየሁት፤ ማንቆርቆሪያውን ግን አላወረደችም። በመጨረሻ ዳኛው እጁን ዘረጋ። አስታጠበችው። ቆጮውን ቆርሶ ጎረሰ፤ ሁለቱም ተከተሉት። እኔም በላሁ።

ሲሄዱ እስከ አጥሩ ሸኘሁ። ዳኛው ክንዴን ይዞ እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ከእኔ ያን ወረቀት አትጠብቅ። ቆርሻለሁ።»

ወደ ቤት ስመለስ ሰሃኑን እያጠበች ነው። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ግን አልተቆጣችኝም። ወረቀቱ ለምን እንዳስፈለገ አንድ በአንድ ንገረኝ አለች። ነገርኳት። ዕዳውንም፣ መቀጫውንም፣ ቢሮ ያለችው ልጅ ያለችኝንም ሳልደብቅ።

«ከሞተ አይገብርም?»

«አይገብርም።»

«በሕይወት ካለስ?»

«ካለማ ይገብራል።»

«እንግዲያው ይገብር» አለች።

ያሳደገቻት ጊደር ነበረች። በሚቀጥለው ገበያ ራሷ ጎትታ ወስዳ ሸጠቻት። ሐምሌ ሳያልቅ አብረን ወደ ቢሮ ሄድን። ልጅቱ ስታየኝ የቀረውን ወረቀት ይዤ የመጣሁ መስሏት ፊቷ አዘነ። ሚስቴ ግን ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ልጄ ግብሩን ሊከፍል ነው አለቻት። ልጅቱ እኔን አየችኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

ሥራ ላይ ነው ወይ፣ ዕቃ አለው ወይ፣ የተከራየው ቤት ነው ወይ ስትል ሁሉንም የመለሰችው እናቱ ናት። ሱቁ ተዘግቶ ነው የከረመው፣ ባለቤቱ መንገድ ላይ ነው አለች። ጆንያውን አይጥ እንደበላው፣ ሸራው ግን ደህና እንደሆነ ነገረቻት። ልጅቱም በትዕግሥት ጻፈችላት። ያለፈውንና የዘንድሮውን አስልታ ነገረችን፤ ባንክ ሄደን ከፍለን፣ ደረሰኙን ይዘን ተመለስን። በመጨረሻ የግብር ከፋዩ ስልክ ስንት ነው አለች፤ መክፈሉን የሚገልጽ መልእክት ይላክለታል።

እኔ የራሴን ልሰጥ እጄን ኪሴ ስከት፣ ሚስቴ የልጁን ቁጥር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴም ሳትደናቀፍ ነገረቻት። የዚህ አገር ቁጥሩን ነው። ልጄ ከወጣ ጀምሮ ያ ስልክ ዝግ ነው፤ ስንደውል አንዲት ሴት ጥሪ አይቀበልም ትላለች። ልጅቱም እንዳለቻት ጻፈችው።

ስንመለስ መንገዱ ጭቃ ስለነበር ክንዷን ይዤ ነው የሄድኩት። ከብዙ ጊዜ በኋላ የነካኋት ያን ቀን ነው። ክብደቷ ቀንሷል። እኔ ልጄን በድንኳን፣ በሰው ፊት ላለቅስለት ፈልጌ ነበር፤ ወረቀቱማ ሰበብ ኖሯል። አሁን በስሙ ገብሬ መጥቼ እንዴት ብዬ አለቅሳለሁ?

«መልእክቱ ዛሬ ይደርሰዋል?» አለችኝ።

«ዛሬ ነው የሚልኩት» አልኳት።

«ይየው» አለች።