መኪናዋ ውሃ ነበራት

ወንድሜ ከሞተ ሦስተኛ ወሩ ነው። የምጽፈው ስለ ሞቱ አይደለም። ስለ አንድ ቀይ መብራትና ስለ አንድ ውሸት ነው። ውሸቱ የኔ ነው።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ሹፌር ነበር። በቡና ወቅት ከአጋሮ ማዶ ካሉት መንደሮች እሸት ቡና በፒክአፑ እየጫነ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ያደርሳል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ አብሬው እሠራ ነበር። መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። ጠዋት ሞተር ሳያስነሳ ኮፈኑን ይከፍታል። ዘይት ያያል፣ ውሃ ያያል፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በጣቱ ይጫናል። ጤነኛ ሆኖ ይህን አንድ ቀን ሲዘል አላየሁም። እኔ ብርዱ ሲያንገበግበኝ «ትናንት አይተኸው የለም እንዴ?» እለዋለሁ። «ትናንት ትናንት ነው» ይለኛል። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የተባለው ነገር ስለሚያናድደኝ ነው።

ያን ሰሞን ያደርነው ከአጋሮ ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ሁለት ቀን ሆዱን አሞት ተኛ፤ መኪናዋም ቆመች። «ጨጓራዬ ነው፣ ይለቀኛል» ይል ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቆ አገኘሁት። የጤና ጣቢያው ሰው ዳሰሰውና «ጅማ! አሁኑኑ!» አለኝ። አምቡላንስ አልነበረም። ከኋላ ወንበር ላይ አስተኛሁትና እኔ ነዳሁ።

አጋሮን አልፈን ብዙ ሳንሄድ ቀዩ የውሃ መብራት በራ። የሙቀቱ ቀስት መሀል ላይ ነበር፤ ሙቀቱ ከልክ አላለፈም። አይቼዋለሁ። አላየሁም ብል ይቀለኝ ነበር፣ ግን አይቼዋለሁ። ወንድሜ ሲያስተምረኝ ቀይ ከበራ ትቆማለህ፣ አትከራከርም ይል ነበር። ስለዚህ ቆምኩ። ኮፈኑን ከፈትኩ። የውሃ መያዣው ፕላስቲክ ከዕድሜ ብዛት ጠቁሮ ውስጡ ከውጭ አይታይም። ሞተር እንደጋለ ክዳኑ አይከፈትም፤ የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይተፋል። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል። አይደለም፣ «ያህል» ማለት የለብኝም። አርባ ደቂቃ ነው። ስልኬን እያየሁ ነበር።

ስከፍተው ሙሉ ነበር። እስከ መስመሩ ድረስ ሙሉ።

ዘግቼ እንደ እብድ ነዳሁ። ጅማ መግቢያ ላይ ዞር ብዬ ሳየው አይተነፍስም።

ለቅሶ ላይ የሚመጣው ሰው ሁሉ ስለ መንገዱ ይጠይቀኛል። «ምን አዘገያችሁ?» ይላል።  ለመጀመሪያው ሰው በባዶ ነገር ቆምኩ ማለት አልቻልኩም። «ውሃ ጨርሳ ቆመችብን» አልኩ። ያ ሰው ለሚቀጥለው ነገረው። ማታ ላይ የኔን ውሸት ከማላውቀው ሰው አፍ ሰማሁት።

መጀመሪያ «አጀሉ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ይሉ ነበር። ቆይቶ ግን ወሬው ተለወጠ። ሹፌር ሆኖ ውሃ የማያይ! የራሱ ቸልተኝነት ነው የገደለው! ጮክ ብሎ የተናገረው የአባቴ ወንድም ነው። ሐጂ ስለሆነ ሰው ያከብረዋል፤ እሱ የተናገረውን ማንም አይመልስም። እናቴ ከውስጥ ትሰማለች። እኔ ሻይ ይዤ ቆሜያለሁ። ጥርሴን ነክሼ አለፍኩ። ንዴቴ በአጎቴ ላይ ነበር። ወሬውን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ መኪናዋን ሹፌር ቀጥሮ ለእናቴ ሊያሠራላት ሊረከብ መጣ። ቀዩ መብራት አሁንም ይበራል። «ይህ ሳይጠፋ አልነካትም» አለና ጅማ አወቱ መንደራ ሰፈር ወደሚገኝ መካኒክ ይዞኝ ሄደ።

መካኒኩ ቁልፉን አዞረና መብራቱን አየ። «ሐጂ፣ ይቺ ቀላል ናት። ሁለቱን ሽቦ አገናኝቼ ላጥፋልዎት። ስንቱን መኪና እንዲህ አድርጌ ሸኝቻለሁ።»

«ኤዬ፣ እሺ፣ አጥፋው» አለ አጎቴ።

«አይጠፋም!» አልኩ። እንደዚያ እንደምጮህ አላወቅሁም። «ለምን እንደሚበራ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

መካኒኩ ሳቀ። «ምነው ወንድሜ፣ መብራቷን ልታገባት ነው እንዴ?»

«ክፈተው አልኩህ!»

አጎቴ ገላመጠኝ። መካኒኩ መሳቁን ተወና ውሃውን በባልዲ አወረደ። ከመያዣው ሥር ሴንሰሩን ፈትቶ አወጣው። አውራ ጣት የምታህል ነገር ናት። በላይዋ ተንሳፋፊ አላት፤ ውሃው ሲሞላ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲጎድል ይወርዳል፣ ሲወርድ መብራቱ ይበራል። ይኸው ነው ሥራዋ። ተንሳፋፊው ግን ቡናማ ሙጫ ተለጥፎበት ከታች ተጣብቋል። መካኒኩ በካቻቢቴ ነካካው፤ አልተነቃነቀም።

«ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ?» አለ ለራሱ። አሸተተው። እንደገና አሸተተው። «ቡና ነው! ወላሂ ቡና ነው። የማጠቢያ ጣቢያ ውሃ ጨምራችሁበታል። የቡናው ሙጫ ተንሳፋፊውን ጠቅልሎ አክብዶታል። ከዚህ በኋላ መያዣው ሞልቶ ቢፈስም ባዶ ነው እያለ ያበራል። ከተጨመረ በኋላ ቆማ ነበር?»

«ሁለት ቀን» አልኩ።

«በቃ፣ ያኔ ነው ሙጫው የያዘው። መንገዱ ሲንጣት ደግሞ ወርዶ ተጣበቀ።»

አጎቴ እጁን አጨበጨበ። «አላልኩም? ንጹሕ ውሃ መቅዳት የሰነፈ ሹፌር! አላህ ይርሐመውና፣ ራሱን በራሱ ነው የጎዳው።»

እኔ ግን ያን ውሃ ማን እንደቀዳው አውቃለሁ። ወንድሜ ከመታመሙ በፊት በነበረው ቀን ጣቢያው ላይ ቡና እያራገፍን ነበር። ውሃው ትንሽ ጎድሏል ብሎ ጀሪካን ሰጠኝ። «ከቧንቧው ቅዳ» አለኝ። ቧንቧው ላይ ሠራተኞቹ ተሰልፈዋል። የታጠበው ቡና የሚወርድበት ቦይ ደግሞ አጠገቤ ነበር። ውሃው ለዓይን ጥሩ ይመስላል፤ ሲነኩት ግን እንደ ተልባ ያሟልጫል። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁና ቀዳሁ። «ከቧንቧው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ» አልኩት። አመነኝ። ለምን ያምነኛል? አሁንም በዚህ እናደድበታለሁ። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቢያሸተው ኖሮ!

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑን?» አለ አጎቴ።

«የቀዳሁት። ከቦዩ። እሱ ከቧንቧው ነው ያለኝ። ደግሞ… ያን ቀን ውሃ አላለቀም። ሙሉ ነበር። ለቅሶ ላይ የተናገርኩት ውሸት ነው። እርስዎም ያንን ይዘው ነው ስሙን የሚያጠፉት።»

 መካኒኩ ሌላ ሥራ እንዳለበት ሰው ፊቱን ወደ ባልዲው አዞረ። እኔ ግን አልለቀቅሁትም።

«መብራቱን ትቼ ዝም ብዬ ብነዳስ ኖሮ?»

«መኪናዋ ትደርስ ነበር» አለ ቀና ሳይል። «ስለ ሰው እኔ አላውቅም፣ ወንድሜ።»

ከዚያ ሴንሰሩን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠበው። ጥርስ በሚፋቅበት ብሩሽ ፈተገው። ተንሳፋፊው ወደ ላይ ወደ ታች መሄድ ጀመረ። መልሶ ገጠመው፣ ንጹሕ ውሃ ሞላው፣ ቁልፉን አዞረ። መብራቱ ጠፋ። ሻይ ታዝዞ እስኪመጣ ድረስ እንኳ አልፈጀም። በሳሙና የሚለቅ ነገር! አንስቼ ግድግዳ ላይ ልሰባብረው ነበር የቃጣኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእናትህ እንዳትነግራት። እሱ አልፏል። አንተ ገና ልጅ ነህ፣ ከሰው ጋር ትኖራለህ። ስምህን ጠብቅ።»

«እሱስ ስም የለውም?»

«ለሙት ዱዓ ነው የሚያስፈልገው።»

«ታዲያ ለምን በሄዱበት ሁሉ ያነሱታል?»

 ቤቱ በር ላይ አወረድኩት፤ ሳይሰናበተኝ ገባ።

እናቴ ልብስ እያጠበች አገኘኋት። ቆሜ ነገርኳት። ቦዩን፣ መብራቱን፣ አርባ ደቂቃውን። ተደነቃቀፍኩ፤ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስትጮህ፣ ስትመታኝ ጠበቅሁ። እጇን ከአረፋው ሳታወጣ ሰማችኝ።

«ስትቆም ወንድምህ ምን አለህ?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «ክዳኑን እንዳትከፍት፣ ያቃጥልሃል አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። እኔም ልጠጋት ስል በእርጥብ እጇ ገፋችኝ።

«ስንት ሰው ነው ልጄን ሰነፍ ሲለው የሰማሁት! እዚህ ቤት ተቀምጬ! አንተ ሻይ እየቀዳህ!»

«እማዬ…»

«እማዬ አትበለኝ! ለቅሶ ላይ ዋሽተሃል አይደል? ለቅሶ የደረሱት ቤት ሁሉ ትሄዳለህ። አንድ በአንድ። መኪናዋ ውሃ ነበራት ትላለህ። የሐጂን ቤት ግን እኔ ራሴ እሄዳለሁ።»

ያኑ ቀን ሻሿን አስራ ወጣች። ምን እንዳለችው አልነገረችኝም። አጎቴ ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት አልመጣም።

እኔ ከጎረቤት ጀመርኩ። ሥራው ከባድ ነው። ሰው ገና በር ላይ ሲያየኝ የመጣሁት ለእርዳታ ይመስለዋል። ከዚያ ስነግራቸው ይቸኩላሉ። «በቃ፣ በቃ፣ ራስህን አታስጨንቅ፣ አጀሉ ነው» ይላሉ። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። ስለ አጀሉ ማን ጠየቃቸው? አንዷን ጎረቤታችንን «እኔን ይቅር በሉኝ አላልኩም፣ እሱ ውሃ ያይ ነበር፣ ይህን ብቻ ይያዙልኝ» አልኳት። ደንግጣ «እሺ ልጄ፣ ያይ ነበር» አለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጨርሼ ስወጣ ከኋላዬ «ታዲያ ይሄኛው ነዋ የገደለው» ሲሉ ሰማሁ። እውነቴን ነው፣ እሳቸውን ወደድኳቸው። ቢያንስ ሰምተውኛል።

አሁን የቀሩት ደዶ ወረዳ ያሉት ዘመዶች ናቸው። እዚያ የሚኖር አንድ የአባቴ ወገን ለቅሶ ላይ ወጣቶቹን ሰብስቦ «እንደ እሱ አትሁኑ፣ ንብረታችሁን ጠብቁ» ብሎ መክሯቸዋል። እነዚያን ልጆች አንድ በአንድ የት አገኛቸዋለሁ? ጁምዓ ከመስጊድ ሲወጡ በር ላይ ልቆም አስቤያለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ድምፄ በብዙ ሰው ፊት ይጠፋል። ቢሆንም እጀምራለሁ፤ ካልሰሙኝም እደግመዋለሁ።