ሺህ አንድ ፍሬ

እናቴ ያወረሰችኝ ተስቢህ፣ መቁጠሪያዋ፣ ሺህ አንድ ፍሬ አለው። ሺሁ አላህን ለማውሳት፣ ለዚክሩ ነው፣ አንዷ ሐሳቤ ሲባዝን ለዘለልኩት ትለኝ ነበር። እሷም እንደኔ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም። ፍሬው አለመጉደሉን ለማየት ሺህ ድረስ መቁጠር ሲያደክማት መላ ነበራት፦ ሰባት ሰባት እያደረግሽ ደርድሪው፣ ምንም አይተርፍሽም፤ አስራ አንድ አስራ አንድም አድርጊው፣ አስራ ሦስት አስራ ሦስትም፣ አይተርፍሽም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ስንቱን ነገር ሳልጠይቃት ቀርቻለሁ።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ ሰርግ ሳምንት ሲቀረው ተስቢሁን ላወርሳት ብዬ ኮምቦልቻ ወስጄ ዱዓ አስደረግኩበት። ስመለስ ሚኒባሱ ወደ ደሴ ዳገቱን ሲያያዘው በረደኝ። ለሙቀቱ ያወለቅኩትን ሹራብ መልሼ ስለብስ ቁልፉ አንገቴ ላይ ያጠለቅኩትን የተስቢሁን ክር ያዘና በጠሰው። ፍሬው በየወንበሩ ስር ተንከባለለ። ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመልኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት የሰፈራችን ቄስ ከሁሉ ቀድመው በርከክ አሉ። የለቀሙትን በጋቢያቸው እያጠራቀሙ፣

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ የሚያስቆጥር ምን ቢያጠፉ ነው?» አሉኝ።

«እርስዎስ አባ፣ በአርባ አንድ ፍሬ መቁጠሪያ እንዴት ተብቃቁ?»

ሰው ሁሉ እየሳቀ ለቀመልኝ።

ቤት ገብቼ ከልጅ ልጄ ጋር ምንጣፍ ላይ ደረደርነው። በሰባት ስናደርገው የመጨረሻዋ ረድፍ ስድስት ሆነች። በአስራ አንድ፣ አስር። በአስራ ሦስት፣ አስራ ሁለት።

«አንዲት ጠፍታለች» አልኩ።

ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ነው የምትማረው። ረድፉን አየችና፣ «እማማ፣ ይሄን ማን አስተማረሽ? ለሦስቱም ሳይተርፍ የሚካፈል ከሺህ አንድ ያነሰ ቁጥር የለም። ሰባት በአስራ አንድ፣ እሱ በአስራ ሦስት ሲባዛ ልክ ሺህ አንድ ነው» አለችኝ።

«እናቴ ናታ።»

«አብሽሪ በቃ፣ ሺህም ሙሉ ነው፤ እወስደዋለሁ።»

«ሺህማ በሰባት ስድስት ይተርፈዋል። ጎዶሎ አላወርስሽም።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቄሱ ደጃችን ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መዳፋቸውን ሲከፍቱ ጥቁሯ ፍሬ ቁጭ ብላለች።

«ከጋቢዬ እጥፋት ገብታ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ነው ያገኘኋት፤ ቅዳሴ አስቀድሳ መጣችልዎ።»

«ኧረ ወላሂ፣ ከሁሉም እሷ በረታች» አልኳቸው።

ይግቡ ብላቸው ገቡ፤ እንደገና ደረደርን። ልጅቱ በሰባት፣ እኔ በአስራ አንድ። ለአስራ ሦስቱ ቄሱም ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ የመጨረሻዋን ረድፍ የሞሏት እሳቸው ናቸው። የልጅ ልጄ ምንጣፉን ዙሪያውን በእጇ ዳሰሰች። ምንም አልተረፈም። ክሩን መርፌው ላይ አስገብቼ አቀበልኳትና መሰካት ጀመረች።